አረቄ ሲወጣ ማየት፦ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ ቤቶች የተማርሁት

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። እናት ጣታቸውን ከቱቦው ጫፍ ሥር ዘርግተው ተቀበሏት፤ አሸተቷት፤ "ይቺ ለእንግዳ አትሆንም" ብለው አራገፏት። ከዚያ አንዲት የቡና ሲኒ ከቱቦው ሥር አስቀመጡና እስክትሞላ ጠበቁ። ስትሞላ ወደ ጓሮ ወስደው ደፏት። ሁለተኛዋንም ሲኒ እንዲሁ። ሦስተኛዋን ካሸተቱ በኋላ ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ንጹሑን ጠርሙስ አቀረቡ።

ሁለት ሲኒ አረቄ መድፋት ለእሳቸው ገንዘብ መድፋት ነው። የሚያዝዛቸው አለቃ፣ የሚመጣባቸው ተቆጣጣሪ የለም። እኔ ስለ ውስኪ አወጣጥ ስማር "መጀመሪያ የሚወርደው ይለያል፤ መሐሉ ይያዛል፤ መጨረሻው ይቆረጣል" የሚለውን ትምህርት የሩቅ አገር ጥበብ አድርጌ ነበር የያዝሁት። ሱሉልታ ላይ፣ በጭስ በጠቆረ ጎጆ ውስጥ፣ አንዲት እናት በአፍንጫቸው ብቻ ሲሠሩት አገኘኋቸው።

ሥራዬ መጠጥ መቅዳት ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ባር ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የስኮትላንድ ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መክረም እንዳለበት፣ የአሜሪካው በርበን ደግሞ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ በርሜል እንደሚቀመጥ ለእንግዳ በቃሌ እናገራለሁ። አንድ ምሽት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ይህን ሁሉ በጽሞና ካዳመጠኝ በኋላ "የእናንተስ የገብስ መጠጥ እንዴት ነው የሚወጣው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ያደግሁት ጎረቤታችን አረቄ በሚያወጡበት ሰፈር ነው። ሽታውን በሩቁ አውቀዋለሁ፤ እሳቱ ዘንድ ቁጭ ብዬ ግን አንድም ቀን አላየሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት፣ በዕረፍት ቀኖቼ በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ዘጠኝ ቤቶችን ጎብኝቻለሁ። ከዘጠኙ ወደ አራቱ ደጋግሜ እመለሳለሁ። ስለ አረቄ ሲነሳ የሚሰማው ወይ ነቀፋ ነው ወይ ፉከራ፤ ስለ ሥራው የሚያወራ ጥቂት ነው። እኔ ስጀምር የሚመራኝ ሰው ስላልነበረ ጊዜም አባክኛለሁ፣ ሰውም አስቀይሜያለሁ። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ያንን እንዳይደግም ነው ይህን የምጽፈው።

በመጀመሪያ፣ ቤቶቹን ማግኘት። ጠላና አረቄ በሚሸጥበት ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ታያላችሁ። ጣሳው የሚሸጥበትን ቤት እንጂ የሚወጣበትን አያሳይም፤ ብዙ ሻጮች ከሌላ ሰው ገዝተው ነው የሚቀዱት። እኔን የጠቀመኝ ወደ ገበያ ሄዶ ጌሾና ብቅል የሚሸጡ ሴቶችን መጠየቅ ነው። ማን በብዛት እንደሚገዛ፣ ማን ቅጠሉን መርጦ እንደሚወስድ፣ ማን ርካሹን እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ሌሎቹ አዋቂዎች ላም አርቢዎች ናቸው። አረቄ ከወጣ በኋላ ማሰሮው ውስጥ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ ሱሉልታ ደግሞ የወተት አገር ነው። የሱሉልታዋን እናት ያገኘኋቸው አተላ በአህያ ሲያስጭን ያገኘሁት ልጅ ጠቁሞኝ ነው።

መንገዱ አያስቸግርም። ለሱሉልታ ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ እንጦጦን መሻገር፣ ለሰበታ ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል መውጣት፣ ለሰንዳፋ ከመገናኛ በለገጣፎ ማለፍ ነው። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፤ ይህን ሳላመነታ እናገራለሁ። ጥቂት ብቻ እቀምሳለሁ ብሎ የሄደ ሰው የቤቱ ባለቤት በፍቅር ደጋግመው ሲቀዱለት እንቢ ማለት ይቸግረዋል። የእንጦጦ ቁልቁለት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም።

በጠዋት ሂዱ። እሳቱ የሚነደደው ገና ሳይነጋ ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚወርደው ሲለይ አያይም፤ ከሰዓት በኋላ የደረሰው ደግሞ የታጠበ ማሰሮና የተደረደረ ጠርሙስ ብቻ ነው የሚያገኘው። ከአንድ ቀን በፊት ሰው ልካችሁ ወይም ስልክ ደውላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ እኔ ግማሽ ኪሎ ቡና እይዛለሁ። ስትወጡ ከእሳቸው ግዙ፤ ዋጋም አትከራከሩ፤ እናንተን በማስተናገድ የጠፋው ጊዜያቸው ከሥራቸው ላይ የተቀነሰ ነው። ፎቶግራፍ ሳትጠይቁ አታንሱ። ቢፈቀድላችሁም ቤቱ የት እንደሆነ በሚያሳውቅ መንገድ አታሰራጩት። ለእነዚህ ሴቶች አረቄ የልጅ ትምህርትና የቤት ኪራይ ነው፤ ለእኛ ትዝታ የሚሆን ፎቶ ለእነሱ መዘዝ ሊያመጣባቸው ይችላል።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ።

ሥራው የሚጀምረው እሳቱ ከመንደዱ ከሳምንት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ተዘፍዝፎ በቅጠል ተጠቅልሎ ይበቅላል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል፤ ያ ብቅል ነው። ስኮትላንዳውያን ለውስኪ የሚያደርጉት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ዘሩን ማብቀል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኃይል ይቀሰቅሳል። ልዩነቱ ጌሾው ነው። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውኃ ጋር ለጥቂት ቀናት ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ብቅሉ፣ የተቆራረሰ ቂጣ ወይም እንኩሮ ይገባበታል፤ ሁሉም አብሮ ሲፈላ ይሰነብታል። ድፍድፉ መድረሱን የሱሉልታዋ እናት የሚያውቁት በጆሮ ነው። ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግተው "ዝም ብሏል" ካሉ ደርሷል ማለት ነው። መፍላቱ ሲቆም ስኳሩ አልቋልና ትክክል ናቸው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል። "ሐምሌ ላይ አሥር ቀን ይፈጅብኛል፤ ሚያዝያ ላይ ስድስት ቀን ይበቃዋል" አሉኝ።

ከፍታው በእሳቱም ላይ ለውጥ ያመጣል። ውኃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ሲፈላ እዚያ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በባሕር ጠለል 78 ዲግሪ ላይ የሚፈላው አልኮልም በዚያው ልክ ቀድሞ ይተናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው እሳት ትንሽና የማይዋዥቅ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይጠፋል። እናት ሦስት እንጨት ብቻ ነው የሚያስገቡት፤ አንዱን በእግራቸው ወደ ውስጥ እየገፉ፣ ሌላውን እየሳቡ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አይርቁም። እሳቱ ሲበዛ ድፍድፉ ከሥር ያርራል፣ ወይም ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ያረረ አረቄ በምንም አይመለስም። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ቀምሻለሁ፤ ከምላሴ ላይ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ዕቃውን በደንብ እዩት። በሱሉልታው ቤት ማሰሮው በሊጥና በጭቃ ዙሪያውን ተመርጎ፣ ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ቀዝቃዛ ውኃ በሞላበት ግማሽ በርሜል ውስጥ ያልፋል። እንፋሎቱ እዚያ ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል። የበርሜሉ ውኃ ለብ ሲል ይቀየራል፤ ካልተቀየረ እንፋሎቱ ከነሽታው ወደ አየር ይሄዳል፤ ቤቱ በአረቄ ሽታ ከታፈነ አንድም መራጊያው ተሰንጥቋል፣ አንድም ውኃው ሞቋል። በሰንዳፋው ቤት ግን አሠራሩ የቀድሞው ነው። ሸምበቆው በቀጥታ ከማሰሮው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባል፤ ባለቤቲቱ በየተወሰነ ጊዜ ዕቃውን ነቅለው፣ ቀምሰው፣ ሌላ ይተካሉ። ጠብታው ስለማይታይ የሚመሩት በሰዓት ግምትና በምላስ ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው አሠራር ይመስለኛል።

እኔ የማልቀምስባቸው ቤቶች አሉ። ቱቦው በእርሳስ ከተበየደ፣ በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ከሆነ፣ ትኩሱ አረቄ በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን የሚወርድ ከሆነ አመስግኜ እወጣለሁ። ጠንካራ አልኮል ከዕቃው ብዙ ነገር አሟሙቶ ይወስዳል፤ እርሳስ ደግሞ በአካል ውስጥ እየተጠራቀመ የሚጎዳ መርዝ ነው። በርሜሉ ምን እንደነበረበት መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራቸውን የሚያከብሩት ሴቶች ሁሉ ጥያቄውን በደስታ ነው የመለሱልኝ።

ስለ መቅመስ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው።

በሆቴል ሥልጠና ብዙ ዓይነት መጠጥ የሚቀምስ ሰው እንዲተፋ ነው የተማርሁት። በሁለተኛው ጉብኝቴ፣ ሰንዳፋ፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ በልማዳችን መሠረት መጀመሪያ ከመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀምሰው "ጤና ነው" ሲሉ መለኪያውን ሰጡኝ። እኔ በአፌ አዙሬ አዙሬ ወደ ውጭ ወጥቼ ተፋሁት። ስመለስ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ቀምሰው የሰጡኝን፣ ማለትም በራሳቸው ነፍስ ዋስ የሆኑበትን መጠጥ ነው የተፋሁት። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ተቀበሉኝ፤ ግን ያን ቀን ሌላ አልቀዱልኝም። አሁን ገና ስገባ እናገራለሁ፦ "እትዬ፣ ሥራዬ መጠጥ መለየት ነው፤ ሦስት ዓይነት ልቀምስ ስለሆነ ሁሉንም ከዋጥሁት ሁለተኛውን ከሦስተኛው አለይም፤ የምተፋበት ጣሳ ይስጡኝ፤ የመጨረሻዋን ግን እጠጣታለሁ።" ይህን ስል አንዲት ሴት እንኳ ከፍቷት አያውቅም። እንዲያውም ለምን እንደማሸት፣ ለምን ውኃ እንደምጨምር ይጠይቁኛል፤ ጨዋታው የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ይዤ የምሄደው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ነው። ብርሌ ሞክሬ ነበር፤ አንገቱ በጣም ስለሚጠብ የአልኮሉን ስለት ብቻ ወደ አፍንጫ ይልካል። ሆቴሎች ውስጥ ለወይን የሚቀርበው ትንሹ ብርጭቆ ይበቃል። አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት የለባችሁም፤ ከአፉ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከንፈራችሁን ትንሽ ከፍታችሁ አሽቱ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ብቻ ምላስን ለማርጠብ። የመጀመሪያው ማቃጠል ነው፤ ስለ ጣዕሙ ምንም አይነግራችሁም፤ ፍርድ አትስጡበት። ሁለተኛውን ቅመሱ። ከዚያ በብርጭቆው ውስጥ ከቀረው ጋር እኩል ንጹሕ ውኃ ጨምሩና እንደገና አሽቱ። 45 በመቶ የነበረው ወደ 22 ግድም ይወርዳል፤ በውስኪ ፋብሪካ ያሉ ቀማሾችም በዚህ ግድም አቅጥነው ነው የሚያሸቱት። ያ ስለት ሲለዝብ ከሥሩ ያለው ይወጣል፦ የተቆላ ገብስ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የጌሾው መራራ የቅጠል ሽታ።

ጥፋትም ያን ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ የሚወርደው ሳይለይ ከቀረ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም እንደ ሙጫ ያለ ስለታም ሽታ አለው። መጨረሻው ሳይቆረጥ ከተጨመረ እንደ እርጥብ ጆንያ፣ እንደ ኮመጠጠ አተላ ይሸታል፤ ውኃ ሲጨመርበትም ሊደፈርስ ይችላል፤ በኋለኛው ጠብታ ውስጥ ያሉት ዘይታማ ነገሮች በውኃ አይሟሙምና። አኒስ የተባለ ሽታው የሚጣፍጥ ዘር የገባበት ኡዞ የሚባለው መጠጥ ውኃ ሲነካው ወተት የሚመስለው ከአኒሱ ዘይት የተነሣ ነውና ያን ከጥፋት አትቁጠሩት።

ጭሱ ከሁሉ አስደስቶኛል። ከስኮትላንድ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በአይላ የሚሠሩት ውስኪዎች ጭስ ጭስ የሚሉት ብቅሉ በሚደርቅበት ጊዜ ፒት የተባለ የረግረግ አፈር ከሥሩ ስለሚነድበት ነው፤ ጭሱ እህሉ ውስጥ ይገባል። የሰንዳፋዋ እትዬ ብቅላቸውን ፀሐይ ላይ ነው የሚያደርቁት። ጋኑን ግን፣ እንደ ጠላ ጋን ሁሉ፣ ድፍድፉ ከመግባቱ በፊት በወይራ ያጥኑታል። ጭሱ ከእህሉ ሳይሆን ከጋኑ ግድግዳ ወደ ድፍድፉ፣ ከድፍድፉ ወደ እንፋሎቱ ይሄዳል ማለት ነው። እነሆ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፦ የአይላው ጭስ የሕክምና ቤት ሽታ አለው፤ የወይራው የቤተ ሰብ በዓል ዋዜማ ይሸታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀምሻለሁ፤ የእኛው የሚያሳፍር አይደለም።

እትዬ የመጡት ከመንዝ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የገነነ መሆኑን ሳነሣባቸው "ስሙ የከተማው ነው፤ እጁ ግን የእኛ የገጠሮቹ ነው" አሉኝ። የሚያወጡት ዳግም ነው። ተራው አረቄ አንድ ጊዜ ወጥቶ ያበቃል፤ ዳግም ግን የወጣው ተመልሶ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛ ይወጣል። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪም በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው፤ የአየርላንዱ ብዙ ጊዜ ሦስት። የአልኮል መለኪያዬን ይዤ ስለካ የሱሉልታው ተራ አረቄ ከ36 እስከ 39 በመቶ፣ የሰንዳፋው ዳግም 47 ደርሶልኛል። መለኪያው የተስተካከለው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ በብርድ ጠዋት ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ጠርሙሱን ጥቂት በመዳፋችሁ አሙቁት። ማር ወይም ስኳር በተጨመረበት አረቄም መለኪያው ይሳሳታል።

ብዙ ሰው የሚያምነው በክብሪት ነው። ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ይለኩሳል፤ ሰማያዊ ነበልባል ካየ "ንጹሕ ነው" ይላል። ይህን ልማድ ተዉት። አንደኛ፣ 40 በመቶ የሆነ መጠጥ በደንብ የሚቀጣጠለው 26 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነውና በሱሉልታ ብርድ ጥሩው አረቄ እንቢ ሊል፣ ምድጃ ዳር የቆየው ደካማ ሊነድ ይችላል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነትም ይነዳል። እሳቱ መርዙን ከመጠጡ አይለይላችሁም።

ስለ ሜታኖል በግልጽ ልናገር። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ በመፍላቱ ጊዜ የሚፈጠረው ሜታኖል ጥቂት ነው፤ በብዛት የሚፈጠረው ከፍራፍሬ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የሚገድሉትና የሚያሳውሩት አደጋዎች በአብዛኛው የሚመጡት ለኢንዱስትሪ የሚውል ሜታኖል በሻጭ እጅ መጠጥ ላይ ሲጨመር ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን መድፋትም ሽታውንና ጣዕሙን ያጠራል እንጂ ሜታኖልን ጨርሶ አያስወግድም፤ ከሌላው ጋር እስከ መጨረሻው ይወርዳልና። ስለዚህ ዋስትናችሁ አንድ ነው፦ ማን እንዳወጣው ማወቅ፣ ቢቻል ሲወጣ ማየት፣ ከወጣበት ቤት መግዛት። ከመንገድ ዳር፣ ምንጩ ካልታወቀ ጠርሙስ፣ በዋጋው መርከስ ተስባችሁ አትጠጡ። ጠጥቶ ካደረ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ሆዱን አጥብቆ የቆረጠው፣ አተነፋፈሱ የተለወጠ ሰው ካለ ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት። ምልክቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ግን ሰዓት አይሰጥም። በቀጥታ ሆስፒታል አድርሱት፤ የጠጣውንም ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰበታ አካባቢ ባለው ቤት ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ የሜታ ቢራና የአልኮል ፋብሪካ ከተማ ናት፤ በትልልቆቹ ጎን ትንንሾቹም ይኖራሉ። እዚያ ያለችው ወጣት ሴት ድፍድፏ ላይ ስኳር እንደምትጨምር ሳትደብቅ ነገረችኝ። "እህሉ ተወደደ ወንድሜ፤ በብቅል ብቻ ብሠራ አልዘልቅም።" ቀመስሁት። ሽታው ለስላሳ ነው፤ አፍ ውስጥ ግን ቶሎ ያልቃል፤ እህሉ ጠፍቷል። በመሠረቱ ይህ መጠጥ ከውስኪ ዘመድነት ወጥቶ ወደ ሩም ጎራ ተጠግቷል፤ ሩም ማለት ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ወይም ስኳር ሲመረት ከሚቀረው ጥቁር ሞላሰስ የሚወጣ ነውና። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ከጀመርን ወዲህ ሞላሰስ አላጣንም፤ በፊንጫና በመተሐራ አልኮል ይወጣበታል። አንድ ቀን ከዚያ ሞላሰስ በትንሽ ማሰሮ፣ በርሜል ውስጥ ከርሞ፣ የራሱ ስም ያለው መጠጥ የሚሠራ ሰው ይነሣ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። የልጅቱን አረቄ ግን አልነቀፍሁባትም። ስኳር መጨመሯን ለሚገዛት ሁሉ ትናገራለች፤ እኔም ከእሷ ገዝቻለሁ።

ስለ ማቆየት አንድ ነገር ላክል። "የአምስት ዓመት አረቄ" ብለው በውድ የሚሸጡ አሉ። በጠርሙስ የተቀመጠ አረቄ አያረጅም። ውስኪን የሚለውጠው እንጨቱ ነው፤ ቀለሙንና የቫኒላ ሽታውን የሚሰጠው፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እንዲተን የሚያደርገው በርሜሉ ነው። የሰንዳፋውን ዳግም አንድ ዓመት በጠርሙስ አስቀምጬ ከአዲሱ ጋር ሳወዳድረው ልዩነት ለማግኘት ተቸግሬያለሁ። ለዓመታት ቁጥር ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትጎብኙ። እኔ መጀመሪያ ላይ በባዶ ሆዴ ሦስት ቤት ሞክሬ በሦስተኛው ምንም መለየት አቅቶኝ የባለቤቲቱን ድካም በከንቱ አስቀርቻለሁ። ጠዋት ሽሮ በእንጀራ ብሉ፤ በመሐል ቆሎ ቆርጥሙ፤ ውኃ ጠጡ። ልኩንም እወቁት፦ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ ዳግም ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የማይተናነስ አልኮል አለው። በሕጋችን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም፤ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ከመጠጥ ጋር ትግል ላይ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጉዞ አትጋብዙት።

ባለፈው የካቲት ወደ ሱሉልታ ለሰባተኛ ጊዜ ሄድሁ። ውርጭ ነበር፤ የበርሜሉ ውኃ ጣት ይቆረጥማል። እናት ቡናውን ተቀብለው እሳቱን አስተካከሉና ሲኒዋን ለእኔ ሰጡኝ። "ዛሬ አንተ ለይ" አሉኝ። የመጀመሪያዋን አሽትቼ ደፋሁ። ሁለተኛዋን ደጋግሜ አሸተትሁና "ይበቃል እናት፤ ጠርሙሱን ያቅርቡ" አልሁ። ሲኒዋን ከእጄ ወስደው አሸተቱ፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሻሹና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። ከሥሩ ያ ስለታም ሽታ ቀጥኖ፣ ግን ገና ነበር። "አንዲት ሲኒ ትቀርሃለች ልጄ" አሉና ደፍተው ባዶዋን መልሰው አስያዙኝ።